«ሕልሙን ጨረሰ» አይባልም፦ አማርኛ ለማሳካት ቃል የለውም ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ሰዎች ያቀዱትን፣ የተመኙትንና የጀመሩትን ነገር እስከ መጨረሻው ማድረሳቸውን አማርኛ በምን ቃል እንደሚገልጸው ይመረምራል። ጸሐፊው የደረሱበት መደምደሚያ ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድኻ ነው የሚል ነው። መደምደሚያቸው በአምስት ነጥቦች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው «ማሳካት» የትናንት ቃል ነው፣ «ሕልምን እውን ማድረግ» ደግሞ ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ጨረሰ፣ ፈጸመ፣ አጠናቀቀ፣ አከናወነና አገባደደ አንድ ትርጉም ስላላቸው ከእነርሱ አንዱን መርጦ ሌሎቹን መተው ይቻላል የሚል ነው። በሦስተኛ ደረጃ «ተሳካልኝ»፣ «ቀናኝ» እና «ሰመረልኝ» የሠራተኛውን ድካም ስለሚደብቁ ቦታቸውን ለ«አሳካሁ» እንዲለቁ ይጠይቃሉ። አራተኛው «ዳር ማድረስ» እና «መቋጨት» ለመደበኛ ጽሑፍ የማይመጥኑ የአፍ ንግግሮች ናቸው የሚል ሲሆን፣ የመጨረሻው «ግብ መምታት» ከእግር ኳስ ሜዳ የመጣ በመሆኑ ለቁም ነገር አይበቃም የሚል ነው። ለብዙ ዓመታት የሌሎችን ጽሑፍ በማረም የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ምክራቸው ከተሰማ ነገ የሚጻፈው አማርኛ ዛሬ ካለው የቀጠነ ይሆናል ብዬ ስለምሰጋ፣ ነጥቦቻቸውን ባነሱበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ከ«ማሳካት» እንጀምር። ቃሉ በንግግርና በሪፖርት ከቀድሞው ይልቅ በዝቶ መስማታችን እውነት ነው፤ ይህ ግን አዲስ አያደርገውም። ሥሩ «ሰካ» የሚለው የቤት ግስ ነው። ዶቃ በክር ይሰካል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ጫፍም «መሰኪያ» የተባለው ስለሚሰካ ነው። ከ«ለካ» «ልኬት» እንደ ወጣ ሁሉ ከ«ሰካ» «ስኬት» ወጥቷል። የግሱ አካሄድም እንደዚያው የታወቀ ነው፤ ወጋ፣ ተዋጋ፣ አዋጋ እንደምንል ሰካ፣ ተሳካ፣ አሳካ እንላለን። «ተዋጋ» ውስጥ እርስ በርስ የመደራረግ ስሜት እንዳለ ሁሉ «ተሳካ» ውስጥም አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ የመገጣጠም ስሜት አለ። ስለዚህ «ሐሳቤ ተሳካ» ያለ ሰው በተናጠል የነበሩት ክፍሎች፣ ማለትም ጊዜው፣ ገንዘቡ፣ ሰዉና አጋጣሚው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ገጠመ ማለቱ ነው፤ «አሳካሁ» ያለውም እነዚህን ክፍሎች እርስ በርስ ያገጣጠምኩት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። አንድን ውጥን ለማድረስ የሚጠይቀውን ሥራ ይህን ያህል አጥብቆ የያዘ ግስ ላለው ቋንቋ «ድኻ» የሚለው ስም አይገባውም።

በ«ሕልም» ጉዳይ ለጸሐፊው የምለቅላቸው ነገር አለ። «ሕልም» የሚለውን ስም ለሕይወት ምኞት መጠቀም በትርጉም ሥራዎችና በአነቃቂ ንግግሮች አማካይነት ከመጠን በላይ ተስፋፍቷል፤ ውጥን፣ ምኞት፣ ዓላማ፣ ሐሳብና ተስፋ ሁሉ በአንድ «ሕልም» ሲተኩ ማየት እኔንም ያሳዝነኛል። የቀደመው አነጋገር ሕልምን የሚያየው በአብዛኛው ከሌሊትና ከፍቺ ጋር አያይዞ ነው፤ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው ምሳሌያዊ ንግግር ይህንኑ ያሳያል። ሆኖም «እውን ሆነ» የሚለው ሐረግ ከውጭ ተገልብጦ ገባ የሚለውን አልቀበልም። እውንና ሕልም በአማርኛ ከጥንት ጀምሮ ተቃራኒ ጥንዶች ናቸው። ያላሰበው መልካም ነገር የገጠመው ሰው «በሕልሜ ነው ወይስ በእውኔ?» ብሎ የሚጠይቀው የባዕድ መጽሐፍ አንብቦ አይደለም። እውን ማለት ነቅተው የሚያዩት ነገር ነው። በሕልም የታየው በእውን ሲታይ «ሕልሙ እውን ሆነ» ቢባል ቋንቋው በገዛ ጥንዱ ተናገረ እንጂ ከማንም አልተበደረም።

በዚሁ ላይ ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ። በአፋችን «አለመ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን፤ የተኛ ሰው አለመ፣ ተኳሽም ዒላማውን አለመ እንላለን። በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው ሕልምን በሐመሩ ሐ፣ ዓላማን በዐይኑ ዐ ይለያቸዋል፤ ጆሮ ግን አይለያቸውም። «ያለምኩት ደረሰ» የሚል ሰው ስለ ምኞቱ ይናገር ወይም ስለ ዓላማው፣ ሰሚው ሊለይ አይችልም፣ መለየትም አያስፈልገውም። ሕልምን ከዓላማ ጋር ማስተሳሰር ለአማርኛ እንግዳ ነው ለሚል ሰው ይህ አንድ ግስ ብቻውን በቂ መልስ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ተግባራዊ ምክር ሆኖ የቀረበ ነው። ጸሐፊው አምስቱ ግሦች አንድ ናቸው ሲሉ፣ ለመመዘን የተጠቀሙበት «ሥራውን ጨረሰ፣ ፈጸመ፣ አጠናቀቀ፣ አከናወነ» የሚለውን ምሳሌ ነው። «ሥራ» ሁሉንም ግስ የሚሸከም ሰፊ ስም ስለሆነ ልዩነቱን ይደብቃል። ስሙን እንለውጠውና እንየው። «ገንዘቡን ጨረሰ» ይባላል፤ «ገንዘቡን ፈጸመ» አይባልም። «ቃሉን ፈጸመ» ይባላል፤ «ቃሉን ጨረሰ» ያለ ሰው ግን የሚናገረውን አሟጠጠ ማለቱ ይሆናል። «ሕልሙን ጨረሰ» ቢባል ደግሞ የሚያልመው ነገር አለቀበት የሚል ስሜት ይሰጣል እንጂ የተመኘውን አገኘ አይሆንም። መጨረስ ነገሩን ራሱን የሚያሟጥጥ ግስ ነው፤ ከጨረሱት ነገር የሚተርፍ የለም።

«ፈጸመ» ከዚህ ይለያል። አብረውት የሚሄዱትን ስሞች ዘርዝረን ብናያቸው ባሕርዩን ራሳቸው ይነግሩናል፤ ቃል፣ ስለት፣ ትእዛዝ፣ ኑዛዜ፣ ግዴታና ውል ይፈጸማሉ። እነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የተወሰኑ፣ በአንድ ሰው ላይ ዕዳ ሆነው የተቀመጡ ነገሮች ናቸው፤ ፈጻሚው የሚያደርገው ከተወሰነው ሳያጎድል ማድረስ ነው። ሕግ የሚያወጣው ክፍል «ሕግ አውጪ» ሲባል፣ የወጣውን ሕግ በሥራ ላይ የሚያውለው «ሕግ አስፈጻሚ» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የሚከተለው ክፍልም «የፍርድ አፈጻጸም» ይባላል፤ «የፍርድ አጨራረስ» ወይም «የፍርድ ስኬት» ብሎ የተናገረ ዳኛ የለም። «ወንጀል ፈጸመ እንላለንና ወንጀል የማን ዕዳ ነው?» የሚል ጠያቂ ቢመጣ፣ የወንጀል ሕግ ሙከራን ከተፈጸመ ወንጀል ለይቶ እንደሚያይ አስታውሰዋለሁ። የተፈጸመው ለወንጀሉ የሚያስፈልገው ሁሉ ሳይጎድል የተሟላው ነው። «ፍጹም» የሚለው ቅጽል እንከን የሌለበትን ሁሉ የሚገልጸው፣ «ፈጽሞ» የሚለውም ምንም ትርፍ የማይተው የሆነው ከዚሁ ሥር ነው። በዮሐንስ ወንጌል 19፥30 በመስቀል ላይ የተነገረው ቃል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ተፈጸመ» የሚል ነው። እዚያ ቦታ ላይ «አለቀ» ወይም «ተጨረሰ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ የተነገረ ነገር ወደ ሙላቱ መድረሱ ቀርቶ አንድ ነገር ማክተሙ ብቻ ይሰማን ነበር።

«አጠናቀቀ» ደግሞ ሌላ ነው። «ጠንቅቆ ያውቃል» ስንል፣ «ጥንቃቄ» ስንል፣ «ጥንቅቅ ያለ ሥራ» ስንል የምንሰማው ሥር እርሱ ውስጥ አለ። ዝግጅት፣ ሰነድ፣ ቅድመ ሁኔታና ምዝገባ ይጠናቀቃሉ፤ እነዚህ አንድም ክፍል ሳይቀር መሟላት ያለባቸው ነገሮች ናቸው። ማጠናቀቅ ግን ማሳካት አይደለም። ይህን ከአንድ ውድድር በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ፣ በ1960 በሮምና በ1964 በቶኪዮ የማራቶን ወርቅ የወሰደው አበበ ቢቂላ ጉዳት ስለ ነበረበት ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ ሮጦ አሸነፈ። የታንዛኒያው ጆን ስቲቨን አክዋሪ በመንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ቢጎዳም፣ ከአሸናፊው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ፣ የመጨረሻ ሆኖ መስመሩን አለፈ። አንዱ አቋረጠ፣ አንዱ አሳካ፣ አንዱ አጠናቀቀ። አክዋሪን «ውድድሩን አሳካ» ብንለው ያልሆነውን እንናገራለን፤ «ውድድሩን ጨረሰ» ብቻ ብንለው ደግሞ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን አንዲት እርምጃ ሳያስቀር መርገጡን እናደበዝዝበታለን። «አጠናቀቀ» የሚለው ግስ ለእርሱ ተብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ጸሐፊው «ጨረሰ»ንና «አጠናቀቀ»ን አንድ አድርገው አንዱ ይጣል ሲሉ፣ የስፖርት ዘጋቢው ስለዚህ ሰው የሚናገርበትን ቃል ከእጁ እየወሰዱበት ነው።

«አከናወነ» ዛሬ የቢሮ ቃል ሆኖ ነገሩ መደረጉን ብቻ እንዲያመለክት ተወስኗል፤ ስብሰባ ተከናወነ፣ ርክክብ ተከናወነ፣ «የዕቅድ ክንውን» እንላለን። ጸሐፊው ይህን አይተው ባዶ ቃል ነው ቢሉ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በመዝሙረ ዳዊት 1፥3 ስለ ጻድቅ ሰው «የሚሠራውም ሁሉ ይከናወንለታል» ተብሎ ሲነበብ፣ ቃሉ መደረግን ብቻ ሳይሆን መልካም ሆኖ መደረግን እንደሚናገር ማንም ይሰማዋል። «ይከናወንለታል» የሚለው ውስጥ በረከት አለ። ቃሉ ያጣው ነገር ካለ ያጣው በሪፖርት ውስጥ ነው፤ በዚህ ምክንያት መጣል ሳይሆን ወደ ቀደመ ሙቀቱ መመለስ ይገባዋል።

ስለ «አገባደደ» ብዙ አልናገርም፤ ይህ በቀጥታ ስሕተት ስለሆነ ነው። «ሥራው እየተገባደደ ነው» ማለት ወደ ማለቁ ተቃርቧል ማለት ነው፤ «በዓመቱ መገባደጃ» የሚለውም ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ያለውን ጊዜ ነው የሚያመለክተው። «ተገባድዷል» የተባለውን ሥራ «ተፈጽሟል» ብሎ የተረዳ ሰው ሊረከብ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስመጣ፣ ጸሐፊው በቅን ልብ እንደ ተነሡ አምናለሁ። ሰው በላቡ ያመጣውን ውጤት «ተሳካልኝ» ሲል ውጤቱን ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል፣ ወጣቱም ዕድልን እንዲጠብቅ ያስተምረዋል ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ የሚሰናከለው ሰዎች ይህን ግስ በምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚናገሩት ባለማየቱ ነው። ሰው ብቻውን «ተሳካልኝ» አይልም፤ «ስንት ዓመት ለፍቼ፣ ወድቄ ተነሥቼ፣ በመጨረሻ ተሳካልኝ» ይላል። ለፍቼ፣ ወድቄ፣ ተነሥቼ የሚሉት ሦስቱም ግሦች ባለቤታቸው «እኔ» ነው። ድካሙ በሙሉ በተናጋሪው ስም ተመዝግቧል። «ልኝ» የተሰጠው ውጤቱ ብቻ ነው፤ ይህም ትክክለኛ የሥራ ክፍፍል ነው፤ ምክንያቱም መልፋት በሰው እጅ ሲሆን የነገሮች መገጣጠም ግን ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ አይደለም። እህል የዘራ ሰው ዘራሁ ይላል፤ በቀለልኝ ይላል፤ «አበቀልኩት» ቢል ግን ዝናቡንና አፈሩን ረስቷቸዋል።

ይህ አነጋገር ወጥ መሆኑን የሚያሳየው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ያልሆነውን ነገር «ከሸፈብኝ»፣ «ተበላሸብኝ»፣ «ተጨናገፈብኝ» እንላለን። ከሸፈ የሚባለው ጥይት ሲሆን፣ ጨነገፈ የሚባለው ደግሞ ፅንስ ነው፤ ሁለቱም ከሰውየው ጥረት በኋላ የሚመጡ ናቸው። አማርኛ ውጤትን በ«ልኝ» እና በ«ብኝ» ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል፤ ደረሰልኝና ደረሰብኝ አንድ ግስ ሆነው በአንዲት ፊደል የሕይወትን ሁለት ጎን ይናገራሉ። «ተሳካብኝ» የሚል ግን የለም፤ ግሱ መልካምነቱን በውስጡ ይዞ ስለ ተፈጠረ «ብኝ»ን አይቀበልም። ከዚህ ሥርዓት «ልኝ»ን ብቻ ነቅለን እንጣል ማለት ከሚዛን ላይ አንዱን ሳሕን እንደ ማንሣት ይቆጠራል።

«ሰመረልኝ»ም ቢሆን የዕድለኛ ቃል ብቻ አይደለም። በግእዝ ሠምረ ማለት ወደደ፣ ደስ ተሰኘ፣ ተቀበለ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል 3፥17 «ዘቦቱ ሠመርኩ» የሚለው በአማርኛ «በእርሱ ደስ የሚለኝ» ተብሎ ተተርጉሟል። ስለዚህ «ስለቴ ሰመረ» ያለች ሴት የተሳለችው ነገር ተቀባይነት አገኘ፣ ተወደደላት ማለቷ ነው። «ቀናኝ»ም ከመንገድ መቅናት ጋር የተያያዘ ነው፤ በኢያሱ 1፥8 «መንገድህ ይቀናልሃል፥ ይከናወንልህማል» ሲል ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን እናገኛቸዋለን። መንገድ የሚቀናው ለሚሄድ ሰው ነው፤ ለተቀመጠ ሰው የሚቀና መንገድ የለም።

ጸሐፊው ሠሪውን የሚደብቅ አነጋገር ከፈለጉ እኔ ላሳያቸው። «የዕቅዱን 90 በመቶ ማሳካት ተችሏል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይመልከቱ። ማን አሳካ? ማን ቻለ? ቀሪውን 10 በመቶ ማን አልቻለም? «አሳካ» የሚለው የሚወዱት ግስ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ግን የትም አይታይም። «ተሳካልኝ» በሚለው ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው አለ፤ «ተችሏል» በሚለው ውስጥ ማንም የለም። ኀላፊነትን ከመደበቅ ጋር የሚደረገው ትግል መጀመር ያለበት በዚህ በሪፖርት «ተችሏል» ላይ ነው እንጂ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በሚመርቁበት «ይሳካልህ» ላይ አይደለም።

አራተኛው ነጥብ «ዳር ማድረስ» እና «መቋጨት» የአፍ ንግግር ናቸው ይላል። በአፍ መነገራቸው እንዴት ነውር እንደ ሆነባቸው አልገባኝም፤ ሆኖም በቀጥታ ልመልስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ የሕይወት ታሪክ ለእርማት ደረሰኝ። ባለታሪኩ አባቱ ጀምሮት፣ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ሳይለብስ የቀረውን ትምህርት ቤት ከብዙ ዘመን በኋላ ሠርቶ ያስመርቃል። ተርጓሚዋ የምዕራፉን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር «የአባቴን ሕልም አጠናቀቅሁ» ብላ ጽፋዋለች። ሳነበው የአባትየው ሕልም ያከተመለት፣ ዶሴው የተዘጋ መሰለኝ። ተቀምጠን ሌሎች ግሦችን እየተካን ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብናቸው። «የአባቴን ሕልም ፈጸምኩ» ስንል አባትየው የተናዘዘለት ትእዛዝ ያለ መሰለ፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ኑዛዜ የለም። «የአባቴን ሕልም አሳካሁ» ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ግድግዳው ጠፋብን፤ አባትየው ያሰበ እንጂ የሠራ ሰው አልመስል አለ። «የአባቴ ሕልም በእኔ እውን ሆነ» አማረ፣ ግን ለዚያ ቁጥብ ሰው አፍ ከፍ ያለ ነበር። በመጨረሻ ተርጓሚዋ «አባቴ የጀመረውን ዳር አደረስኩት» አለች። ሁለታችንም እርሳሳችንን አስቀመጥን። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አባትየው የሠራው አለ፣ ልጁ የጨመረው አለ፣ በመካከል ያለፈው ዘመንም ይሰማል። «የአፍ ንግግር» የተባለው ሐረግ ሌሎቹ ግሦች ያልቻሉትን ተሸከመ።

ይህ ሐረግ የራሱ ጥንቃቄም አለው። «ጫፍ ደረሰ» ስንል ሊያልቅ ትንሽ ቀረው ማለታችን ነው፤ «ዳር ደረሰ» ስንል ግን አበቃ። ጫፍና ዳር በሌላ ቦታ ተቀራራቢ ሆነው ሳለ እዚህ ግን የሥራን ሁለት ደረጃ ለይተው ያሳያሉ፤ ይህን የሚያውቅ ተናጋሪ ሁሉ ሳይማር ይለያቸዋል።

«መቋጨት»ን በተመለከተ በከፊል እስማማለሁ፤ ስሕተቱ ግን ቃሉ ላይ ሳይሆን አገባቡ ላይ ነው። ሸማ ተሠርቶ ሲያልቅ በጫፉ የቀሩት ክሮች እንዳይተረተሩ እየተገመዱ ይቋጫሉ። ስለዚህ የሚቋጨው አስቀድሞ የተሠራ፣ ነገር ግን ካልታሰረ ሊፈታ የሚችል ነገር ነው፤ ንግግር፣ ድርድር፣ ትረካና ክርክር ይቋጫሉ። «ሕልሜን ቋጨሁ» የሚል ሰው ካለ እኔም አርመዋለሁ። «ድርድሩ በስምምነት ተቋጨ» የሚለውን ግን ከየትኛውም መደበኛ ጽሑፍ ላይ አላወጣም።

ስለ «ግብ መምታት» የተነሣው አምስተኛ ነጥብ በአጭሩ የሚመለስ ነው። በእግር ኳስ ግብ ይቆጠራል፣ ይገባል፣ ይስተናገዳል፤ የሚመታው ኳሱ ነው። «ተጫዋቹ ግብ መታ» የሚል ዘጋቢ ሰምቼ አላውቅም። መምታት የዒላማ ግስ ነው፤ ዒላማውን መታ፣ ዓላማውን መታ፣ ግቡን መታ እያልን የምንናገረው ከተኳሹ መስክ ነው፤ ሳይተኮስ የቀረው ጥይት ደግሞ ከላይ እንዳልኩት «ከሸፈ» የሚባለው በዚያው መስክ ቃል ነው። «ግብ» ራሱ የመድረሻን ቦታ የሚያመለክት ስም ነው፤ «ከግብ አደረሰ» የምንለውም ስለዚህ ነው። በዚህ መሠረት «ግቡን መታ» ያለ ጸሐፊ የአነጣጠረውን ሰው ያያል፣ «ከግብ አደረሰ» ያለው ደግሞ ሸክም ይዞ የተጓዘውን ያያል። ፈተና አልፎ ለተመረጠ ሰው የመጀመሪያውን፣ ለዓመታት አንድ ተቋም ሲገነባ ለኖረ ሰው ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጸሐፊው ሁለቱንም ሰርዘው በቦታቸው «አሳካ» ብቻ ቢጽፉ ግን፣ የትኛውን ሰው ማለታቸው እንደ ሆነ እኔም ሆንኩ ሌላ አንባቢ ልናውቅ አንችልም።